ቀኑ የማን ነው? ትኩረት፣ የሥራ ቅደም ተከተልና የጸሎት ሰዓታት በቦሌ

ስለ ዕለታዊ ምርታማነት የሚጻፈው መጽሐፍም ሆነ የሚሰጠው ሥልጠና በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በሁለት ጉዳዮች ላይ ነው፤ አንደኛው ትኩረት፣ ማለትም አእምሮን በያዘው ሥራ ላይ ሳይባክን ማቆየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቅደም ተከተል፣ ማለትም ከተደራረቡት ሥራዎች መካከል የትኛው መቅደም እንዳለበት መወሰን ነው። ሁለቱም የሚቀርቡት እንደ ብልሃት ነው፤ ብልሃት ደግሞ ማንም ሰው ተምሮ ለፈለገው ዓላማ የሚያውለው፣ ስለ ዓላማው ደግነትና ክፋት ግን የማይናገር ነገር ነው። ሆኖም «ይህኛው ይቅደም» ያለ ሰው የአንዱን ነገር ዋጋ ከሌላው አስበልጦ ፈርዷል፤ ፍርዱን የሰጠበትን መለኪያ ከየት እንዳመጣው ደግሞ የሥራ ዝርዝሩ አይነግረውም። ስለዚህ ከብልሃቱ አስቀድሞ መመለስ ያለበት፣ በጠባዩ የሃይማኖትና የፍልስፍና የሆነ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ሰው በእጁ የያዘው ቀን የማን ነው፣ ለማንስ ይገባል የሚለው ነው።

ጥያቄው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቦሌ አየር ማረፊያ ተነሥቶ በገርጂ፣ በመገናኛ፣ በሲኤምሲና በአያት አድርጎ እስከ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በሚዘልቀው የከተማ ክፍል፣ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ በዚያ በርካታ የጊዜ ሥርዓቶች በአንድ ቀን ላይ ተደራርበው ይኖራሉና። የመንገደኛው ቲኬት ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቆጥራል፤ መንገደኛውን ሊሸኙ የሚመጡት ዘመዶቹ ግን ቀኑን ከንጋት ጀምረው እስከ አሥራ ሁለት፣ ሌሊቱንም ከምሽት ጀምረው እስከ አሥራ ሁለት ስለሚቆጥሩ፣ ቲኬቱ ላይ 02:00 የሚል ሲያነብቡ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደጋግመው ያጣራሉ። በአፍሪካ ጎዳና ግራና ቀኝ በተደረደሩት ሕንፃዎች ውስጥ ያሉት ቢሮዎች በሁለት ሰዓት ተኩል ሥራ ሲጀምሩ፣ የቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል ኪዳን ከዚያ አስቀድሞ ደርሶ ተፈጽሟል፤ የሱብሂ አዛንም ጎህ ሳይቀድ ተሰምቶ አልፏል። በዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው ቀኑን ከማንም ሳይወስድ በራሱ እቅድ እሞላዋለሁ ቢል፣ ቀኑ በሌሎች ተይዞ ይጠብቀዋል።

በሥልጠና አዳራሾች ሰሌዳ ላይ ዘወትር የሚሣለው መሣሪያ ባለ አራት ክፍል ሠንጠረዥ ነው፤ ሥራዎች አጣዳፊና አጣዳፊ ያልሆኑ፣ ዋነኛና ዋነኛ ያልሆኑ ተብለው ይመደቡና፣ ዋነኛ ሆኖ የማያጣድፈው ሥራ ጊዜ እንዲሰጠው ይመከራል። አጣዳፊ የሚባለው አሁኑኑ መልስ የሚፈልግ፣ ዋነኛ የሚባለው ደግሞ ከሰውዬው የረጅም ጊዜ ዓላማ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ሠንጠረዡ የሚጠራው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በድዋይት አይዘንሃወር ስም ሲሆን፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ግን መነሻው የጦር ሰፈር አይደለም። አይዘንሃወር ይህን ልዩነት የጠቀሱት በነሐሴ 1946 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት፣ በኢቫንስተን ከተማ ለተሰበሰበው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ሁለተኛ ጠቅላላ ጉባኤ ባደረጉት ንግግር ነበር፤ ሐሳቡንም የራሳቸው አላደረጉትም፤ ከአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት የተገኘ መሆኑን ተናግረዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህ ምክር ቤት በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። አይዘንሃወር ሠንጠረዥ አልሠሩም፤ ነገሩን በአራት ክፍል አዘጋጅቶ በዓለም ላይ ያሰራጨው በ1989 እ.ኤ.አ. ስለ ሰባት ልማዶች የጻፈው አሜሪካዊው ስቲቨን ከቪ ነው። ስለዚህ አንድ ኦርቶዶክሳዊ የቦሌ ሠልጣኝ ዛሬ እንደ ዓለማዊ የአስተዳደር ጥበብ የሚቀበለው ነገር፣ መጀመሪያ በሰፊው የተሰማው የራሱ ቤተ ክርስቲያን አባል በሆነችበት ጉባኤ ፊት፣ ስለ ዘመኑ የመንፈስ ችግር በሚመክሩ ጳጳሳትና መምህራን መካከል ነበር ማለት ነው። ሠንጠረዡ ወደ ቦሌ ሲደርስ ያ ዐውድ ወድቆ ቀርቷል።

የቀረው ነገር ቀላል አይደለም። ሠንጠረዡ ዋነኛው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ይረዳል፤ ለማያውቀው ግን ባዶውን ክፍል ከማሳየት በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። በኢትዮጵያ በመንግሥት ድጋፍ የተስፋፋው ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ፍልስፍና እንኳ፣ በአማርኛ «አምስቱ ማዎች» ተብለው ከሚታወቁት ደረጃዎቹ የመጀመሪያውን ማጣራት ብሎ ይጀምራል፤ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ማለት ነው። በፋብሪካ ወለል ላይ የማያስፈልገው ዕቃ ይታወቃል፤ ለዓመት ያልተነካ መፍቻ አቧራው ይመሰክርበታል። በሰው ቀን ውስጥ ግን የማያስፈልገው የትኛው ነው? የታመመ ጎረቤት ጥየቃ ከየትኛው ክፍል ይገባል?

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሥራን ስለ መከፋፈል የሚናገሩ ሁለት ታሪኮች በአስተዳደር መምህራን ዘንድ ሳይቀር ይጠቀሳሉ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 የሙሴ አማት የነበረው የምድያም ካህን ዮቶር፣ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሲፈርድ አይቶ፣ ራሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነግሮ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ደግሞ ሐዋርያት ለጸሎትና ለቃሉ አገልግሎት እንዲተጉ፣ የማዕዱን አገልግሎት የሚመሩ ሰባት ዲያቆናት ተመረጡ፤ ከእነርሱም የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነው። ይህ ሁለተኛው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አንድ መሪ ዋናውን ሥራ ለራሱ አስቀርቶ ቀሪውን ለሌላ እንዲያስተላልፍ ለማስተማር ነው፤ ንባቡ ትክክል ቢሆንም ግማሹን ትቶታል። ታሪኩ የሚጀምረው በመሪዎቹ ድካም አይደለም፤ የሚጀምረው ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ ባልቴቶቻቸው በዕለቱ ምጽዋት ስለተዘነጉባቸው ባሰሙት ማጉረምረም ነው። የተመረጡት ሰባቱም ስማቸው የግሪክ ስም ነው፤ ይህም ከተበደሉት ወገን የመጡ ሳይሆኑ እንደማይቀር ያስገምታል። በዚህ ዓይን ሲታይ፣ ቅደም ተከተል ማውጣት ለሐዋርያት ጸጥታ ከመስጠቱ ይልቅ የተዘነጋው ሥራ ባለቤት እንዲኖረው አድርጓል። አንድ ሥራ ከአንድ ሰው ዝርዝር ሲወጣ በማን ዝርዝር ውስጥ እንደገባ የማይጠይቅ የምርታማነት ትምህርት የሚያየው ከሐዋርያት ጎን ብቻ ነው፤ የባልቴቶቹ ወገን ይቀርበታል።

የማርያምና የማርታ ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ማርታ በብዙ አገልግሎት ስትባክን፣ እኅቷ ማርያም በኢየሱስ እግር ሥር ተቀምጣ በማዳመጧ መልካሙን ዕድል እንደመረጠች ተነግሮላታል። ከዚህ ተነሥቶ እንግዳ ማስተናገድ ከማዳመጥ ያንሳል የሚል ደንብ ለማውጣት የፈለገ ሰው ግን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ይቃወመዋል፤ በዚያ አብርሃም በቀትር ከድንኳኑ ደጅ ተነሥቶ ሮጦ ሦስቱን እንግዶች ተቀበለ፣ እንጎቻ አስጋገረ፣ የሰባ ጥጃ አሳረደ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ሐምሌ 7 ቀን ሥላሴ ወደ አብርሃም ቤት የገቡበትን በዓል በታላቅ ክብር ታከብራለች። ያው ማስተናገድ በማርታ ቤት ሁለተኛ፣ በአብርሃም ድንኳን ግን አንደኛ ሆኗል። ስለዚህ የሥራው ደረጃ በሥራው ዓይነት ላይ ተጽፎ አይገኝም። የአብርሃም ጥድፊያ ወደ እንግዶቹ አቀረበው፤ የማርታ ጥድፊያ ግን እየተናገረ ካለው እንግዳ አራቃት። መለኪያው ሥራው ሠሪውን ወደ ማን እንደሚወስደው ነው፤ ይህን ደግሞ ከሰውዬው በቀር ማንም በሠንጠረዥ ሊመድብለት አይችልም።

እንዲህ ከሆነ ሰው በየደቂቃው ሊመዝን ነውን? የሃይማኖት ትውፊቶች መልስ፣ በአብዛኛው፣ አይደለም የሚል ነው፤ እዚህ ላይ ነው የጸሎት ሰዓታት ትርጉም የሚገለጠው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት ተወስነዋል፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሠለስት ሦስት ሰዓት፣ ቀትር ስድስት ሰዓት፣ ተሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፍትሐ ነገሥትም ለየሰዓቱ ምክንያት ይሰጣል፤ ለምሳሌ የስድስት ሰዓቱ ጸሎት የክርስቶስን መሰቀል፣ የዘጠኝ ሰዓቱ ሞቱን የሚያስታውስ ነው። በአብዛኛው የዓለም ክፍል የሚኖር ክርስቲያን ወንጌሉ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሒሳብ ሠርቶ ወደ ራሱ ሰዓት መመለስ ይኖርበታል፤ በአዲስ አበባ ግን በቢሮ ግድግዳ ላይ በልማድ የሚነበበው ዘጠኝ ሰዓት እና ወንጌሉ የሚናገርለት ዘጠኝ ሰዓት አንድ ናቸው። ከተማዋ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስለምትገኝ በክረምትና በበጋ መካከል የቀኑ ርዝመት የሚለያየው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ በመሆኑም ከንጋት የሚጀምረው አቆጣጠር ዓመቱን ሙሉ ብዙ ሳይዛነፍ ያገለግላል። የሙስሊሞቹ አምስት ሶላቶችም፣ ማለትም ሱብሂ፣ ዙህር፣ ዐስር፣ መግሪብና ኢሻ፣ ፀሐይን ስለሚከተሉ በአዲስ አበባ ከወር ወር ብዙ አይናወጡም፤ በሰሜን አውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሙስሊም በበጋ ኢሻን እኩለ ሌሊት አካባቢ ሲጠብቅ የአገሩን ቀን እኩልነት ይናፍቃል።

የእነዚህ ሰዓታት ዋና ጠባይ አስቀድመው የተወሰኑ መሆናቸው ነው። ውዳሴ ማርያም በሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል፤ መዝሙረ ዳዊትም እንዲሁ ለየዕለቱ ተመድቦ ይጸለያል። በገርጂ ወይም በቦሌ ሩዋንዳ በአንድ ግቢ በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ያደረ ጥበቃ፣ ገና ሳይነጋ በስልኩ መብራት ዳዊቱን ሲገልጥ፣ ዛሬ የትኛውን ልጸልይ ብሎ አይጨነቅም፤ ዕለቱ ማክሰኞ ከሆነ የማክሰኞው ይጠብቀዋል፣ ጣቱም ክሩ ካለበት ገጽ ላይ ያርፋል። ውሳኔው ከእርሱ ስሜትና ድካም ውጪ ተወስኖ አልፏል። የዘመኑ የምርታማነት መምህራን ጠዋት ሲነጋ ሳይሆን ማታውኑ የነገን ዋና ሥራ ጽፎ ማደር ይገባል ሲሉ የደረሱበት ማስተዋል ይኸው ነው፤ ፈታኙ ሰዓት ሲመጣ መምረጥ የለመደ ሰው ያንን ሰዓት የሚሞላው በቀለለው ነገር ነው። ልዩነቱ ማታ የጻፈውን ጠዋት ራሱ ሊሰርዘው መቻሉ ላይ ነው፤ የማክሰኞን ዳዊት ግን ጥበቃው ሊተወው ቢችልም ሊሰርዘው አይችልም። በፕሮቴስታንት አማኞች ዘንድ የጥሞና ጊዜ የሚባለው የማለዳ የንባብና የጸሎት ሰዓት ደግሞ በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ ሰዓቱን የሚወስነው ግለሰቡ ሲሆን የሚጠይቀው ግን ጉባኤው ነው።

የአገሪቱ የመንግሥት ሥራ ሰዓትም ይህንን ሐቅ በጥቂቱ ተቀብሎታል። በሌሎቹ ቀናት የምሳ ዕረፍቱ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ዓርብ ግን ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ይዘልቃል፤ ይህም የጁሙዓን ሶላት ለማድረስ ያስችላል። በቁርኣን ስለ ጁሙዓ የተነገረው መመሪያ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እጅግ ተስማሚ ነው፤ አዛን ሲሰማ መሸጥና መግዛት እንዲተው፣ ሶላቱ ሲፈጸም ደግሞ አማኞቹ በምድር ላይ ተበትነው የአላህን ችሮታ እንዲፈልጉ ያዝዛል። ሥራው አልተናቀም፤ ቀኑን ሙሉ መዝጋትም አልታዘዘም። ብዙ የሶማሌ ተወላጆች በሚኖሩበት በቦሌ ሚካኤል ዓርብ ቀትር ላይ የሱቁን ብረት መዝጊያ እስከ ግማሽ አውርዶ ምንጣፉን በክንዱ ሸጉጦ የሚወጣ ነጋዴ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ያንኑ መዝጊያ መልሶ ሲያነሣ ይታያል። ከማቋረጡ በፊትም ሆነ በኋላ ያለው ሥራ በመቋረጡ ምክንያት ልክና ዳርቻ ያገኛል።

ስለ ትኩረት ሲነሣ ከሁሉ የጠለቀው ዕውቀት የሚገኘው በመነኮሳት መጻሕፍት ነው። በ399 እ.ኤ.አ. በግብፅ በረሃ ያረፈው ኤቫግሪዮስ፣ መነኩሴን ስለሚፈትነው የታካችነት መንፈስ ሲጽፍ፣ ይህ መንፈስ ከአራት ሰዓት አንሥቶ እስከ ስምንት ሰዓት መነኩሴውን እንደሚዋጋው፣ ፀሐይ የቆመች እንደሚያስመስልበት፣ ዓይኑንም ወደ መስኮት እየላከ ምናልባት የሚመጣ ወንድም ካለ እንዲያማትር እንደሚያደርገው ይተርካል። የኤቫግሪዮስ አራት ሰዓት የአዲስ አበባው አራት ሰዓት ነው፤ በቦሌ ቢሮዎች ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ሰው የሻይ ሰዓት ካለፈ በኋላ እስከ ምሳ መልስ ድረስ ያለውን ያንን ፈታኝ ጊዜ ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል፤ የተለወጠው መስኮቱ ስልክ መሆኑ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ገዳማት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት በመባል የሚታወቁት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊም ከሶርያውያን አባቶች የመጣውን ትምህርት ከአንድምታ ትርጓሜ ጋር ይዘው፣ ስለ ሕሊና መበተንና መሰብሰብ ያስተምራሉ። በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ማር ይስሐቅ፣ ማለትም የነነዌው ይስሐቅ፣ ስለ ጽሞና፣ ማለትም አፍንና ሐሳብን አብሮ ዝም ስለ ማሰኘት፣ ሲጽፍ የተሰበሰበ ሕሊናን በትግል ብቻ የሚገኝ ድል አድርጎ አያየውም፤ ትሕትና ያለው ሰው የሚቀበለው ስጦታም ነው። ይህ ከዘመናዊው አመለካከት በእጅጉ ይለያል፤ ዘመናዊው መምህር ትኩረትን በፈቃድ ኃይል የሚያዝ ንብረት አድርጎ ያየዋልና ትኩረቱ የተበተነበትን ሰው ሰነፍ ነው ብሎ ለመፍረድ ይፈጥናል።

የሥነ ልቡና ጥናት ከመነኮሳቱ ጋር የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ሰው አንድን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሲዞር የአእምሮው ከፊል በተወው ሥራ ላይ እንደሚቀር አሳይታለች፤ ይህንንም የትኩረት ቅሪት ብላ ጠርታዋለች። ለዚህ ነው ወደ ጸሎት መግቢያ የሆኑት ሥርዓቶች ሁሉ መሸጋገሪያ ያላቸው። ሙስሊሙ ውዱእ አድርጎ፣ ኒያውን፣ ማለትም ለማን ብሎ እንደቆመ በልቡ ወስኖ ነው ወደ ሶላት የሚገባው፤ በሶላቱ ውስጥ የሚፈለገው የልብ ስብሰባም ኹሹዕ ይባላል። ኦርቶዶክሳዊው ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ ይገባል። ከኤድና ሞል አጠገብ ባለው የመድኃኔዓለም ካቴድራል ደጅ አመሻሽ ላይ የሚያልፍ ሚኒባስ ረዳት፣ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ መገናኛን እየተጣራ፣ መልስ እየቆጠረ ሳለ፣ በበሩ ትክክል ሲደርስ ብሩን በግራ እጁ ጨብጦ ሦስት ጊዜ አማትቦ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያም ጥሪውን ከተወበት ይቀጥላል። ነገሩ ከአምስት ሴኮንድ አይበልጥም፤ የለመደ እጅ ነው የሚሠራው ብሎ ማቃለልም ይቻላል። ቢሆንም በዚያ ሥራ ላይ ረዳቱ በራሱ ፈቃድ የሚያቋርጠው ብቸኛው ጊዜ ያ ሊሆን ይችላል፤ ሌላውን ሁሉ የሚያቋርጡት ተሳፋሪው፣ ሾፌሩና ትራፊክ ፖሊሱ ናቸው።

ትውፊቱ ይህን ያህል ከተመሰገነ በኋላ የሚነሣበትን ክስ መስማት ፍትሐዊ ነው። በወሩ 30 ቀናት ለእያንዳንዱ ዕለት መታሰቢያ አለ፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም እየተባለ ይቀጥላል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በሁሉም ሥራ እንዲቆም ባታዝዝም በልማድ ብዙ ሥራ ቆሞባቸዋል። ሥራ ስለሚቆምበት ቀን የተደረገው ክርክር በኢትዮጵያ ታሪክ ጥንታዊ ነው፤ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ከእሑድ ጋር ቀዳሚት ሰንበትም እንድትከበር ብለው ለአንድ መቶ ዓመት ገደማ ከተሰደዱና ከተከራከሩ በኋላ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1442 ዓ.ም. የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወስኗል። በሌላ በኩል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖሩ በሚነገርላቸው በፈላስፋው በዘርዐ ያዕቆብና በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ስም በሚታወቁት ሐተታዎች ውስጥ፣ በተለይም በወልደ ሕይወት፣ በእጅ መሥራት የፈጣሪ ትእዛዝ ሆኖ ይቀርባል፤ ሐተታዎቹን የጻፈው ማን ነው የሚለው ክርክር ከካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የ1920 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ወዲህ ባይቆምም። ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመለት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ደክሞ ጥቂት እንደሚያገኝ አስረድቷል። የገብረ ሕይወት ነጥብ የሰዓትን ብዛት ብቻ የሚቆጥሩትን ሁሉ ያርማል። የምርት ማነስ ምክንያቱ በዓል ነው የሚለው ክስ በከፊል እውነት ነው፤ በዓሉን ለማክበር ሳይሆን ሥራን ለመሸሽ የሚጠራበት ጊዜ ሞልቷልና። ነገር ግን በዓል የማያከብር ሰውም ቀኑን በስልክ ላይ እንደሚጨርስ ስለሚታይ፣ የተለቀቀው ሰዓት በራሱ ወደ ሥራ አይለወጥም።

ከዚህ ይልቅ ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የትኩረትና የቅደም ተከተል ትምህርት ሁሉ ሰሚው የሰዓቱ ጌታ እንደሆነ ቆጥሮ የሚናገር መሆኑ ነው። ዛሬ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ ወጣት፣ የትኛውን ሥራ ላስቀድም ብላ አትጠይቅም፤ ቅደም ተከተሉን ላይኑ ወስኖላታል፣ የሰዓቱን ታርጌት ሱፐርቫይዘሩ ይቆጥራል፣ እጅጌ የምትገጥም ከሆነ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል፤ ሕጉ የሚገድበው ግን ብዛቱን እንጂ በውስጡ ያለውን ትኩረት የማዘዝ ሥልጣን የማን እንደሆነ አይደለም። ሲሞን ቬይል የተባለችው ፈረንሳዊት ፈላስፋ በፋብሪካ ሠርታ ካየች በኋላ፣ ፍጹም ትኩረት ጸሎት ነው የሚለውን ሐሳቧን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስትጽፍ፣ የማሽኑ ፍጥነት ይህን ትኩረት ከሠራተኛው እንደሚነጥቀው በሚገባ ታውቅ ነበር። በሌላ አቅጣጫም እንዲሁ ነው፤ በአያት ወይም በሲኤምሲ ቤቱ ውስጥ በሩን ዘግቶ ለሦስት ሰዓት ያለ ማቋረጥ የሚሠራ ባለሙያ፣ ያ ጸጥታ የተገኘው ልጆቹን በምትይዘው የቤት ሠራተኛ፣ በሩን በሚጠብቀው ዘበኛና ስልኩን በምትመልሰው ጸሐፊ መበታተን መሆኑን ብዙ ጊዜ አያሰላውም። የባልቴቶቹ ጥያቄ እዚህ ይመለሳል።

በሌላ በኩል ማንም ሰው መዝኖ የማይወስንበት፣ ማኅበረሰቡ ደረጃውን አስቀድሞ የቆረጠለት ጥሪ አለ፤ እርሱም ለቅሶ ነው። በአራብሳ ወይም በአያት ኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ሰው ሲሞት የዕድሩ ጥሪ ይደርሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የዕድሩ አባላት በተራ ይመጣሉ፤ ያልመጣ መቀጫ ይከፍላል። አይዘንሃወር የጠቀሱት ልዩነት ለዚህ ቦታ የለውም፤ ለቅሶ አጣዳፊም ዋነኛም ነው፣ ደግሞም ሟቹን ጠይቆ ቀጠሮ ማስለወጥ አይቻልም። ቀናቸውን በደቂቃ የሚቆጥሩ የቦሌ ሥራ አስኪያጆች ይህን እንደ ባከነ ጊዜ ሲያዩት፣ ዕድርተኛው ግን ሰው ቀኑን በከፊል ለጎረቤቱ አስቀድሞ እንደተበደረው ያህል ያስበዋል። የሁለቱ አመለካከት መጋጨት በአንድ ሰው ውስጥም ይከሰታል፤ ሥራ አስኪያጁም ዕድርተኛ ነውና።

በዘመኑ ቦሌ አዲስ የሆነው ነገር የሌሊቱ ሥራ ነው። ለሌላ አህጉር ደንበኞች በኢንተርኔት የሚሠሩ ወጣቶች፣ እንዲሁም ሌሊቱን የሚገባና የሚወጣውን አውሮፕላን የሚያስተናግዱ የአየር መንገድ ሠራተኞች፣ ሦስት ሰዓትንና ስድስት ሰዓትን በእንቅልፍ ያሳልፋሉ፤ የሰባቱ ጊዜያት አብዛኛው ለእነርሱ የማይገኝ ይመስላል። ትውፊቱ ግን የቀን ብቻ አይደለም፤ ጸሎተ መንፈቀ ሌሊት አለ፣ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል የኖረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የደረሰው መጽሐፈ ሰዓታትም የሌሊት ምስጋናን በሰፊው ይዟል፤ በእስልምናም ከእንቅልፍ ተነሥቶ የሚሰገድ ተሀጁድ አለ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በገዳም መንፈቀ ሌሊት ላይ የሚነሣ መነኩሴ አብረውት የሚነሡ ወንድሞች አሉት፤ የቦሌው የሌሊት ሠራተኛ ግን ብቻውን ይነሣል፣ ሰዓቱን የሚወስንለት ደንበኛም የእርሱን ንጋት አያውቅም። የዓርቡ የሁለት ሰዓት ዕረፍት በመሥሪያ ቤት ደንብ የተጻፈ ስለሆነ የመንግሥት ሠራተኛው በየሳምንቱ ፈቃድ አይለምንም፤ በሌሊት የሚሠራው ወጣት ግን መልእክት የማይመልስበትን ሰዓት በውሉ ላይ ካላስጻፈ፣ ትኩረትን የተመለከተው ምክር ሁሉ የሚጠይቀው ከእርሱ ብቻ ነው፤ ከደንበኛው ምንም አይጠይቅም።